ሁለቱ ካሜራዎችና የአባባ እግር

ታናሽ እህቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ አሥራ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ፊት አንስታለች፤ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ሥራዋ የጉርድ ፎቶ ማንሳት ነው። ሰው ይገባል፣ ነጩን ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ይነሳል፣ ይወጣል። ክፍሏ ርዝመቷ ሦስት ሜትር፣ ወርዷ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ነው። ለክቼዋለሁ።

የምለካው ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ ነው። የምሠራው የገበያ ሚዛን በሚፈተሽበት መሥሪያ ቤት ሲሆን ሚዛኑ ትክክል ከሆነ ማኅተም እመታለሁ፣ ካልሆነ እመልሳለሁ። ባልደረቦቼ «ሚሊግራም» ይሉኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ እስካሁን አላጣራሁም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአቅራቢያችን ያለው የሩጫ ክለብ ለመጪው የውድድር ዘመን ቋሚ ፎቶ አንሺ ፈለገ። አሠልጣኟ ሦስት ሰዎች መረጠችና ቅዳሜ ጠዋት የታዳጊዎቹን የመቶ ሜትር ማጣሪያ እንዲያነሱ ጠራቻቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ይቀጠራል። የክለቡን ልጆች የመታወቂያ ፎቶ ያነሳችው እህቴ ስለሆነች ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«ጋሼ፣ ይኼ ካመለጠኝ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የማረጀው» አለችኝ። «አገጭዎን ቀና፣ አገጭዎን ዝቅ እያልኩ።»

«ካሜራሽስ?»

«እሱ ነው ጉዱ።»

ካሜራዋ ለተቀመጠ ሰው ምንም አይወጣለትም። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ግን ግራ ይገባዋል። ሌንሱ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ሲያንጎራጉር ድመት እንኳ ጠብቃ ጠብቃ ሰልችቷት ትሄዳለች። ስለዚህ የቆጠበችውን ይዛ ያገለገሉ ካሜራዎች ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ለጀማሪ የሚሆኑ ሁለት ካሜራዎች ከመስታወቱ ሥር አወጣ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ክብደት፣ ሁለቱም ውስጣቸው መስታወት ያላቸው፣ በትንሿ መስኮት አጮልቀው የሚያነሱባቸው ናቸው። የእህቴ አቅም የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ነበር።

«የትኛው ቶሎ ይይዛል?» አለችው።

«ሁለቱም ፈጣን ናቸው።»

«ከሁለቱ ማለቴ ነው።»

«እሱን እንግዲህ የገዛው ነው የሚያውቀው» አለ። እኛ ግን አልወጣንም። ቆመን ብናስቸግረው ተሸነፈ። ሁለቱንም ሰኞ ወስደን አንዱን ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ እንድንመልስ ተስማማን። «ለካሜራ ዋስትና አልሰጥም» አለ ሲያስረክበን። «ለቃሌ ግን እሰጣለሁ። እናንተም ስጡ።»

አውቶፎከስ የሚሉት ነገር፣ ካሜራው ራሱ ርቀቱን አግኝቶ ምስሉን ጥርት የሚያደርግበት አሠራር ነው። በአጭሩ ልኬት ነው። ልኬት ከሆነ ደግሞ እኔን የሚያስቆመኝ የለም። ከዓመት ፈቃዴ ላይ ሦስት ቀን ወሰድኩ።

ፈተናውን ያዘጋጀሁት በአባታችን ቤት ኮሪደር ነው፤ ዘጠኝ ሜትር ርዝመት፣ በአንድ በኩል ሁለት መስኮት። ወለሉ ላይ በየሜትሩ በጠመኔ አሰመርኩ። አንዱን ካሜራ ቀይ ፕላስተር፣ ሌላውን ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፍኩበት። የሚራመድ ሰው ያስፈልግ ነበር። አባባ ተነሱ።

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እርምጃቸው እኩል ነው፤ አንዱ ከሌላው አይረዝምም፣ አያጥርም። ደረታቸው ላይ አንድ ገጽ ጋዜጣ በመርፌ ቁልፍ አያያዝንላቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፎቶው በኮምፒዩተር ሲጎላ የጋዜጣው ትንንሽ ፊደል ከተነበበ ካሜራው ፎከሱን ይዟል፤ ካልተነበበ ስቷል። «ጥሩ ይመስላል»፣ «ደህና ነው» የሚባል ፍርድ የለም። ይነበባል ወይም አይነበብም።

«እኔ ምንድን ነኝ አሁን? ማስታወቂያ?» አሉ አባባ ደረታቸውን እያዩ።

«ሯጭ ነዎት» አለች እህቴ።

«ሯጭ እንኳ አትበይኝ። በልክ እሄዳለሁ።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመርን። አባባ ከወዲያኛው ጫፍ ይነሳሉ፤ እህቴ ከወዲህኛው ተንበርክካ ታነጣጥራለች፤ አራተኛው መስመር ጋ ሲደርሱ ታነሳለች። አንዴ በቀዩ፣ አንዴ በሰማያዊው፣ እያፈራረቅን፣ በእያንዳንዱ አሥር አሥር ጊዜ። እኔ በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ በደብተሬ ላይ ቁጥር፣ ሰዓትና የብርሃኑን ሁኔታ እመዘግባለሁ። በካሜራዎቹ መካከል አንድ ልዩነት ነበር። ቀዩ ፎከስ ባገኘ ቁጥር «ጢጥ» ይላል፤ የሰማያዊውን ድምፅ የቀድሞ ባለቤቱ ይሁን ሌላ ሰው አጥፍቶታል። ይህንንም መዘገብኩ፤ «የድምፅ ልዩነት፤ ከውጤቱ ጋር አይገናኝም»። ያችን መስመር ዛሬም ሳያት ጆሮዬ ይግላል።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ቀዩ ከአሥር ዘጠኝ ተነበበ። ሰማያዊው ከአሥር ስድስት።

«ዘጠኝ» አለች እህቴ። ደብተሬን ነጥቃ ራሷ ቆጠረች። «ጋሼ፣ ዘጠኝ እኮ ነው።»

«ዘጠኝ ነው።»

ረቡዕ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሰማያዊውን መለሰች፤ የቀዩን ዋጋ ከፈለች፤ ስትመለስ በመንገድ ላይ ያየችውን ውሻ ሁሉ እያነሳች መጣች። ውሾቹ አብዛኞቹ ደብዛዛ ነበሩ።

«እጄ ገና አልለመደውም» አለች።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሚዛን ስፈትሽ አንድ ነገር ለምጃለሁ፤ ውጤቱ ከጠበቅኩት በላይ ካማረ እንደገና አየዋለሁ። ምሳ ከበላን በኋላ ሃያዎቹን የኮሪደር ፎቶዎች ከፈትኩ። ጋዜጣውን ትቼ ሌላውን ሁሉ ማየት ጀመርኩ፤ መስኮቱን፣ ጥላውን፣ የአባባን እጅ፣ የአባባን ጫማ።

ጫማው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

በሰማያዊው ካሜራ በተነሱት አሥር ፎቶዎች ሁሉ የአባባ አንድ ተረከዝ ከወለሉ ተነስቷል። የሚሄድ ሰው ነዋ። በቀዩ በተነሱት አሥሩም ላይ ግን ሁለቱ ጫማዎች ጎን ለጎን፣ ሙሉ በሙሉ ወለሉ ላይ ናቸው። ሰው እየተራመደ አሥር ጊዜ እንዲህ ሊያጋጥመው አይችልም። አባባ እየሄዱ አልነበረም። ቆመው ነው የተነሱት።

እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አላየሽም ስታነሺ?» አልኳት።

«ዓይኔ ጋዜጣው ላይ ነበር፤ ስጫነው ደግሞ መስታወቱ ይገለበጥና መስኮቷ ትጨልማለች፤ እግራቸውን መቼ ልይ? አንተስ? እዚያው አልነበርክ?»

«እኔ እየጻፍኩ ነበር።»

«በጣም ጥሩ» አለች። «እንግዲያው ማንም አላየም።»

አባባ ሳሎን ሆነው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር። ሄደን ጠየቅናቸው።

«እኔ?» አሉ። «እኔ መሃል መንገድ ላይ የምቆም ሰው አይደለሁም።»

«ፎቶው ግን ቆመው ነው የሚያሳየው፣ አባባ።»

«ፎቶው ተሳስቷል።»

እህቴ ተነሳች። ቀዩን ካሜራ ይዛ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አባባ የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ሲያልፉ ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዙራ ማንሻውን በግማሽ ተጫነችው። ጢጥ።

አባባ ቀጥ አሉ። ሻዩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ለአንድ ሰከንድ ያህል ነው የቆሙት፤ ከዚያ እንደገና መንገዳቸውን ጀመሩ።

«ምነው ቆሙ?» አለቻቸው።

«ማን ቆመ?» አሉና ወደ እግራቸው አዩ። ከዚያ ካሜራውን አዩት። «እስቲ ድገሚው።»

ጢጥ አለ። እግራቸው ገና ለመነሳት ሲያስብ ተወው።

«የትኬት ቆራጩ ደወል ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ከኋላ ሆኖ ይደውልልኛል። አንዴ ከሆነ አቁም ነው፤ ሁለቴ ከሆነ ሂድ ነው።» ብርጭቆውን አስቀምጠው ወንበር ሳቡ። መጀመሪያ ትንሽ ያፈሩ መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ትከሻቸው ቀና አለ። «በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ደወል ተደውሎ ያላቆምኩበት ቀን የለም። መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ።»

«ችግሩ እሱ ሆነብን እኮ፣ አባባ» አልኩ።

እህቴን ሳቅ አፈናት። ከሳቋ መለስ ስትል ግን ፊቷ ተለወጠ። የመለሰችው ካሜራ ትዝ አላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ብርሃኑ ከማክሰኞው ጋር አንድ ነው። የቀዩን ድምፅ አጠፋንና አባባን አሥር ጊዜ አስኬድናቸው። በዚህኛው ዙር ደብተሬን ዘግቼ እግራቸውን ብቻ ነበር የማየው። አልቆሙም። ውጤቱ ከአሥር አራት ሆነ።

አሥር ብዙ ቁጥር አይደለም፤ አውቃለሁ። ነገር ግን በአራትና በስድስት መካከል ምረጡ ከተባለ እኔም ስድስትን ነው የምመርጠው።

ሱቁ ደርሰን ስናለከልክ ባለሱቁ ሒሳብ ማሽኑን እያጸዳ ነበር።

«ጠዋት የመለስኩት ካሜራ አለ?» አለች እህቴ።

«አለ፤ ግን የለም።»

«ምን ማለት ነው?»

«መደርደሪያው ላይ አለ። ግን አንዲት ኬክ ጋጋሪ ከሰዓት በፊት መጥታ አይታዋለች። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት መጥቼ እወስዳለሁ ብላለች፤ እሺ ብያለሁ።»

«እኛ ቀድመን ነበርን እኮ።»

«ቀድማችሁ መለሳችሁት» አለ ባለሱቁ።

ልክ ነው። ነገ ሴትየዋን ራሷን እንድናነጋግራት ግን ፈቀደልን፤ «እሷ ከተወችው የእናንተ ነው፤ እኔ አንድ ቃል አልናገርም» ብሎ።

በማግስቱ ሁለት ተኩል ላይ ሱቁ በር ላይ ነበርን። እህቴ ስትጨነቅ ጸጉሯን ታስራለች፤ ያን ጠዋት አራት ጊዜ አሰረችው፣ አራት ጊዜ ፈታችው።

ኬክ ጋጋሪዋ ልክ በሦስት ሰዓት ደረሰች። ረጅም፣ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ነበረች። እህቴ ጸጉሯን ለአምስተኛ ጊዜ ማሰር ጀመረች። እኔ ደብተሬን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ኮሪደሩን፣ ጋዜጣውን፣ ደወሉን፣ የአባባን እግር፣ ስድስትና አራቱን። ምንም አልደበቅኩም። ስትሰማ ቆየችና፣

«ቆይ፣ የእኔ ኬክ ይሮጣል ብለህ ነው?» አለች።

«አይሮጥም። ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

«ተመስገን። እኔ የማነሳው ጥግ ላይ ነው፤ ጨለም ያለ ነው። እዚያስ የትኛው ይሻላል?»

ይህን አልፈተሽኩም ነበር። አልፈተሽኩም አልኳት። ወደ ባለሱቁ ዞር አለች፤ እሱ ቃሉን አክብሮ ጣሪያውን ያይ ነበር። ስለዚህ እዚያው ፈተሽነው። ከሱቁ ጀርባ፣ መብራት የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ቁልፍ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ አስቀመጥንና እሷ ራሷ አነሳች። ሰማያዊው ሌንሱን ሁለት ሦስት ጊዜ እያመላለሰ ሲፈልግ ቆይቶ ነው የሚያገኘው፤ ከአሥር ሦስት ጊዜ ጭራሽ ተስፋ ቆረጠ። ቀዩን፣ ድምፁን መልሰን ከፍተን፣ ሰጠናት። ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ። አሥሩንም ያዘ።

«ይኼ ይናገራል» አለች። «እጄ ክሬም በክሬም ሆኖ እዚያች መስኮት ውስጥ ዓይኔን ስሰካ አልውልም። መስማት ይበቃኛል።» ቀዩን እያገላበጠች አየችው። «አባታችሁን ግን ወደ ኬክ ቤቴ አታምጧቸው፤ የምድጃዬ ደወል ብዙ ነው፤ ውለው ያድራሉ።»

ተለዋወጡ። ባለሱቁም ጣሪያውን ማየት ተወ።

ቅዳሜ ጠዋት የሩጫ ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥታለች። ሃያ አራት ታዳጊዎች በአራት ዙር፣ በየዙሩ ስድስት ስድስት ሆነው ይሮጣሉ። ከተጋበዙት ሌሎች ፎቶ አንሺዎች አንዱ አሥራ አንድ ኪስ ያለው ሰደርያ የለበሰ ሲሆን ሌንሱ ክንድ ያክላል። ሌላኛው ወጣት ነው፤ መሬት ላይ ተኝቶ ያነሳል። እህቴ ከመድረሻው መስመር ጀርባ ቆመች። እኔ አጥሩ ጋ እንድቀመጥ ተፈረደብኝ።

ቀድሜ ምክሬን ነግሬያታለሁ። የፈተሽነው አንድ ሰው በቀጥታ ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ በየዙሩ አንድ ሯጭ ምረጪ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያዢው፣ አትልቀቂው። እሺ ብላኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ተነሳ። እህቴ አንደኛውን መስመር ያዘች፣ አነሳች፤ ወዲያው ካሜራውን ወደ ሁለተኛው አዞረች፣ አነሳች፤ ወደ ሦስተኛው። ካሜራው በዞረ ቁጥር ፎከሱን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ዙሩ እንዳለቀ አጥሩን ተደግፌ ጠራኋት።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እያነሳሁ።»

«አንድ ሯጭ ተባብለን አልነበር?»

«የሮጡት ስድስት ናቸው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ስድስቱንም ነዋ።»

«እንዲህ አድርገን አልፈተሽነውም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሂድ ተቀመጥ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። የቀሩትን ሦስት ዙሮች ያየሁት በጣቶቼ መካከል ነው። አሥራ ሦስት ሰከንድ፣ ስድስት ልጅ፤ ለአንዱ ሁለት ሰከንድ ትንሽ አለፍ ይላል። ያቺ ለጀማሪ የምትባል ካሜራ በዚያ ፍጥነት ስትመላለስ ለእሷም አዘንኩላት።

ማጣሪያው አልቆ ሦስቱም ፎቶዎቻቸውን ወደ ክለቡ ቢሮ ይዘው ገቡ። አሠልጣኟ አንገቷ ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ ያንጠለጠለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። በመጀመሪያ የባለ ኪሱን ከፈተች። እውነት ለመናገር የሚያስደንቁ ነበሩ፤ ያሸነፈው ልጅ ግንባር ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ይቆጠራል። የወጣቱም ፎቶዎች ጥሩ ነበሩ፤ መሬት ላይ ተኝቶ ያነሳው ሯጭ ሁሉ ግዙፍ ሆኖ ነው የሚታየው። አሠልጣኟ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረገች ፈለገች።

«በሁለተኛው ዙር አምስተኛ መስመር ላይ የሮጠችው ልጅ የታለች?» አለች።

«እሷ ኋላ ነበረች» አለ ባለ ኪሱ። «አላሸነፈችም።»

አሠልጣኟ የሁለቱንም ዘጋች። የእህቴን ከፈተች።

የእህቴ ፎቶዎች ላብ አያሳዩም። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ላይ የሌላ ሯጭ ክርን ቆርጠው ገብተዋል። ግን አንድ በአንድ እየተከተሉ መጡ፤ አንደኛ መስመር፣ ሁለተኛ መስመር፣ ሦስተኛ፤ ጥርሱን የነከሰ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ ወደ ጎን ሰረቅ አድርጎ የሚያይ፣ አምስተኛ መስመር ላይ ያለችው ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ያወጣች። አሠልጣኟ እያንዳንዳቸው ላይ ቆም እያለች፣ አንዳንዱን እያጎላች፣ በወረቀት ላይ ምልክት ታደርግ ነበር። እኔም በልቤ ቆጠርኩ። ሃያ አንድ ጥርት ያሉ ናቸው።

«ሦስት ይጎድላሉ» አለች አሠልጣኟ።

እህቴ ጥፋቱ የካሜራው ነው የምትል መሰለኝ። እኔ ብሆን ቁጥር ጠቅሼ አስረዳ ነበር።

«ይጎድላሉ» አለች እህቴ። «ሁለቱን ዘግይቼ ነው የዞርኩባቸው። ሦስተኛውን ካሜራው ስቶታል።»

«እንደ እነሱ አንዱን መርጠሽ ብታነሺ አንድም ፎቶ አይበላሽብሽም ነበር።»

«የሁሉንም መታወቂያ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ አንድ በአንድ ዱካዬ ላይ ተቀምጠዋል። ማንን ልዝለል?» አለች እህቴ። የመከራከር አልነበረም፤ የምር ጥያቄ ነበር።

አሠልጣኟ አንገቷ ላይ ያለውን ሰዓት በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ማን እንዳሸነፈ ይኼ ይነግረኛል» አለች። «አምስተኛ የሚወጣው ልጅ ለምን አምስተኛ እንደሚወጣ ነው የማላየው። ትከሻውን ያኮማትራል? አንገቱን ይሰብራል? እኔ ስድስት ዓይን የለኝም።» ባለ ኪሱንና ወጣቱን አመስግና እጃቸውን ጨበጠች፤ የባለ ኪሱን ፎቶ ግን ለግድግዳው እንደምትፈልገው ነገረችው። ከዚያ ወረቀቷን ለእህቴ አቀበለቻት። የሦስቱ ልጆች ስም ተከቦበታል።

«ማክሰኞ አሥር ሰዓት ልምምድ አለ። እነዚህን ሦስቱን አሟይልኝና ስለ ውሉ እናወራለን።»

እህቴ ወረቀቱን ተቀበለች፤ አጠፈችው፤ ደግሞ ዘረጋችውና አነበበችው። ከቢሮው ወጥተን ግቢውን አለፍን። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አለች።

«ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ እኮ ፎቶ ቤቱ ክፍት ነው» አለች። «ሰው ይመጣል።»

«ዝግ ነው ብለሽ ለጥፊበታ።»

«በስድስት ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ዘግቼ አላውቅም።»

«ወረቀት እኔ ጋ አለ» አልኳት፤ ከደብተሬም አንድ ገጽ ቀደድኩላት።

የአጥሩን ግንብ እንደ ጠረጴዛ ተጠቅማ፣ እስክሪብቶዬን ተቀብላ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፤ «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው»። ራቅ አድርጋ አየችው። ጥቂት አሰበችና «ማክሰኞ» ከሚለው በላይ፣ ጠበብ አድርጋ፣ «ዘወትር» ብላ ጨመረችበት።